በንጉሥ ፊት የሚቀመጡት ሰው

ብርሃኑ ቅዳሜ ጠዋት ደወለልኝ። ከሺፍት ገብቼ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ "ሰብለ፣ ጋሽ ደርበው አረፉ" አለኝ።

"መቼ?"

"ትናንት፣ ሆስፒታል። ለነገ የቸርቹን አዳራሽ አስፈቅደናል። ለቅሶ ደራሹ ብዙ ነው የሚሆነው፤ ወንበሩን እኔ አስደረድራለሁ።"

ወንበር የሚለውን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማ ስልኩን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝም። ጋሽ ደርበውን ከወንበራቸው ያስነሳቸው እሱ ነው። ያውም ወንበር ከተባለ። የወተት መያዣ ፕላስቲክ ሳጥን ነበር፣ ሰማያዊ፣ ተገልብጦ የተቀመጠ። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ግን ሳያውቋቸው የሚቀብሯቸው ሰዎች ስለበዙ አንድ ሰው እንኳ እንደነበሩት ቢያወራቸው ደግ ነው።

"አንድ ነገር ላስቸግርሽ" አለ ብርሃኑ። "ልጃቸው ቤይሩት ናት አይደል? ስልኳ ያለው አንቺ ጋ ነው። አንቺ ብታረጃት።"

መርዶ በእኛ ወግ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ በማለዳ ይሄዳል፤ ባለቤቱን ቁጭ ያደርጉታል፤ ግራና ቀኙን ይይዙታል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚነገረው። ቆሞ የሰማ ሰው ይወድቃላ። እሺ አልኩት፤ ሌላ ማን ይደውልላታል? ግን ወዲያው አልደወልኩም።

ጋሽ ደርበውን ያወቅኋቸው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ከኤርፖርቱ ብዙም በማይርቅ አንድ ላውንደሪ ውስጥ ነው። የሆቴል አንሶላና ፎጣ እናጥባለን፣ እንተኩሳለን፣ እናጥፋለን፤ ቀኑን ሙሉ ቆመን። ውጭ አፍንጫ የሚቆርጥ ብርድ፣ ውስጥ እኛ በቲሸርት ላብ በላብ። ከሠራተኛው ግማሹ አበሻ ነበር፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ያስገባው። ብርሃኑ ሊድ ሀንድ ነበር፤ ማለትም ከእኛ በላይ፣ ከሱፐርቫይዘሩ በታች የሆነ አለቃ።

ጋሽ ደርበው ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገተ መቃ ሰው ነበሩ። ዩኒፎርማቸው ሥር ክራባት ያስራሉ። ልጆቹ ሲስቁባቸው፣ "የሰው ልብስ የሚያሳምር ሰው ራሱ ተንጨብርሮ ማን ያምነዋል?" ይላሉ። ጥግ ላይ ያለውን የፎጣ ጠረጴዛ ያዙ፤ ያቺን ሰማያዊ የወተት ሳጥን፣ ክሬቷን፣ ከየት እንዳመጧት እንጃ፣ ገልብጠው በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርገው ተቀመጡባት። እኛ ቆመን ከምናጥፈው እሳቸው ተቀምጠው የሚያጥፉት ይበልጥ ነበርና ነጩ ሱፐርቫይዘር አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ሲናገሩ ሁልጊዜ መጀመሪያ ሁለት መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ይጭናሉ፤ ከዚያ ነው አፋቸውን የሚከፍቱት። እኔ የጨዋ ሰው ወግ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ገና በገባሁ ሰሞን፣ "ጋሼ፣ ተነሥተው ቢሠሩ ይሻላል፤ ሱፐርቫይዘሩ እየመጣ ነው" አልኳቸው።

"ይምጣ" አሉ። "የላስታ ወገን በንጉሥ ፊት ተቀምጦ ነው የኖረው፤ ለሱፐርቫይዘር ይነሳል?"

እብድ ናቸው አልኩ በልቤ። ግን ወሬያቸው ይጥማል። በብሬክ ሰዓት የያዝኩትን ምሳ ይዤ አጠገባቸው መቀመጥ ለመድኩ፤ እሳቸውም በየቀኑ እየቆራረጡ የዛጉዌን መንግሥት ነገሩኝ። ትምህርት ቤት በሁለት መስመር ያለፍነውን ነገር፣ ትናንት በጎረቤት እንደሆነ አድርገው።

"የአክሱም የመጨረሻው ንጉሥ አንዲት ልጅ ነበረችው ይባላል" አሉኝ። "ልጅህን ያገባ መንግሥትህን ይወስዳል ብለው ነገሩት፤ ደበቃት። የደበቁት ነገር ደግሞ የት ይቀራል? ከጦር አለቆቹ አንዱ አያትና ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ይዟት ወደ ላስታ ተራራ ወጣ። አባትዬው ሊያስመልስ ጦር ይዞ ተከተለ፣ ተሸነፈ። መንግሥቱ እንዲህ ነው የተጀመረው። በጦር እንዳይመስልሽ ሰብለ፤ በሠርግ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ድንጋይ ፈለፈሉ። ሌላው ንጉሥ ቤተ ክርስቲያን ከታች ወደ ላይ ይሠራል፤ እነሱ ከላይ ወደ ታች ሠሩ። መውረድን አስቀድመው ያውቁበት ነበር።"

አወዳደቁን የነገሩኝ ሌላ ቀን ነው። ሾርባቸውን እየጠጡ ነበር። ከደቡብ አንድ ልዑል ተነሳና የጥንቱ ዘር እኔ ነኝ፣ እናንተ የሰው ዙፋን የቀማችሁ ናችሁ አላቸው። የመጨረሻውን ንጉሥ ቤተ ክርስቲያን ተጠግቶ ሳለ እዚያው ገደሉት የሚሉ አሉ። የለም፣ መነኮሳት ሸምግለው በሰላም ነው ያስረከቡት የሚሉም አሉ።

"እርስዎ የትኛውን ያምናሉ?" አልኳቸው።

"ሁለቱንም። ሽምግልና ማለት ሳያስጮኹ መግደል ነው።" ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "በሠርግ የመጣ በሽምግልና ሄደ።"

ይቺ አባባል የሁልጊዜ ነበረች። ማሽን ሲበላሽም፣ ኦቨርታይም ሲሰረዝም፣ "በሠርግ የመጣ በሽምግልና ሄደ" ይላሉ፤ እኛም እንስቃለን። ቀጥለው ግን መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዋናውን ያመጣሉ። የዛጉዌ ዘር ዙፋኑን ካጣ በኋላ ዋግን እየገዛ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ፊት መኳንንቱ ሁሉ አደግድጎ ሲቆም ዋግሹሙ ግን የብር ወንበር ይቀርብለታል፤ ይቀመጣል።

"መንግሥቱን ወሰዱ" ይላሉ ክሬቷን መታ መታ እያደረጉ፤ "ወንበሩን ተዉልን።"

ላውንደሪ ውስጥ ይሄ ጨዋታ ነበር። ችግሩ ከላውንደሪ ውጭ ነው። እኛ ሰዎች እንደምታውቁት ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫችን ብድግ ብለን "ኖር" እንላለን፤ የገባውም "በእግዜር" ብሎ መልሶ ያስቀምጠናል። ካልጋሪ መጥተንም አልተውነውም። ዶናት ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገብቶ ሁላችንም ብድግ ስንል ፈረንጆቹ እሳት የተነሳ መስሏቸው በሩን ያያሉ። ጋሽ ደርበው ግን ለማንም አይነሱም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ "ይኑሩ" ይላሉ፣ መቀመጫቸው ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። ለቄስ አይነሱ፣ ለፓስተር አይነሱ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አብዛኛው፣ "ምን ያለ ንቀት ነው፣ እሱ ማን ሆነና?" ይላል። እኔም ብሆን ሰውየው ልክ የላቸውም እል ነበር፤ እስከዚያች የአውቶቡስ ቀን።

ያን ቀን ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው በአንድ ጊዜ ውኃ ሆኗል። ጋሽ ደርበው ኤሪን ውድስ የሚባል ሰፈር አንድ ምድር ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት፤ እኔ የሜይላንድ ሃይትስ ሰው ነኝ፤ ግን አንዲት ጓደኛዬ እዚያ ሰፈር ወልዳ ልጠይቃት አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ከሥራ ጀምሮ እያወራን ሄድን። የሳቸው ፌርማታ ደረሰ፤ አልተነሱም። አውቶቡሱ ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ሄደ።

"ጋሼ፣ አለፈ እኮ" አልኳቸው።

"አየሩ ጥሩ ነው፤ እስከ መጨረሻው ልሂድ።"

ነገሩ ስላላማረኝ የኔንም ፌርማታ አሳልፌ አብሬያቸው ቀረሁ። መጨረሻው ላይ ሹፌሩ ሲጋራውን ይዞ ወረደ፤ አውቶቡሱ ባዶ ሆነ። ያን ጊዜ ብረቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። አንድ ጊዜ ሞከሩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ሁለተኛ ሞከሩ። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ላቡ ክራባታቸው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ስይዛቸው አልከለከሉኝም። ለካ በየቀኑ ሰው ሳያያቸው ለመነሳት ሲሉ ነው እስከ መጨረሻው የሚሄዱት፤ ከዚያ በሌላ አውቶቡስ ይመለሳሉ። ላውንደሪም ሁልጊዜ መጨረሻ የሚወጡት ለዚህ ኖሯል።

ከወረድን በኋላ መጠለያው ውስጥ ተቀምጠው ሱሪያቸውን ከፍ አደረጉልኝ። ጉልበታቸው የሰው ጉልበት አይመስልም፤ አብጦ ወደ ጎን ዞሯል።

"በደርግ ጊዜ እስር ቤት ውስጥ ነው" አሉ። "እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቀን ሙሉ ያንበረክኩን ነበር። ከብዙ ሰው እኔ እሻላለሁ፤ ወጥቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ሐኪም አያሳዩትም? እዚህ አገር እኮ በነፃ ነው።"

"ሐኪሙ ለካምፓኒው ይጽፋላ። ካምፓኒው ሌይኦፍ ብሎ ያባርረኛል። ዌልፌር፣ የመንግሥት ድጎማ፣ የሚበላ ሰው ደግሞ ልጁን ስፖንሰር አድርጎ ማምጣት አይችልም።" ሱሪያቸውን አወረዱ። "ልጄ የሺ፣ እናቷ ሞታለች። አገር ቤት አክስቷ ጋ ናት። ዕድሜዋ ካለፈ እንደ ልጅ አይቆጥሩልኝም፤ የቀራት ጥቂት ነው። ወረቀቷ እስኪያልቅ ድረስ ሥራ ላይ መቆየት አለብኝ። ከዚያ በኋላ ቢቆርጡትም ግድ የለኝም።"

"እሺ ለሰዉ ይንገሩ። ንቀት ነው እያሉ እኮ ስምዎን ያጠፋሉ።"

"ለሰው የነገርሽው ነገ ብርሃኑ ጋ ይደርሳል፣ ከነገ ወዲያ ቢሮ ይገባል። ኩሩ ይበሉኝ ሰብለ። ለኩሩ ሰው ሥራ ይሰጣሉ፤ ለሽባ አይሰጡም።"

ያ ሁሉ መንግሥት፣ ያ ሁሉ የብር ወንበር ለዚች ጉልበት መሸፈኛ ነበር። ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ፤ ማልኩ።

ከዚያ ሠርጉ መጣ። የብርሃኑ እህት ነበረች የምታገባው። አባታቸው አባባ ታምራት ለሠርጉ ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ስንት ዓመት የዕድር ዳኛ የነበሩ፣ ሽበታቸው ራሱ የሚያስከብር ሰው ናቸው። አዳራሹ ሞልቷል። በር ላይ ብቅ ሲሉ ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ፤ እዚሁ የተወለዱት ልጆች ሳይቀሩ እናቶቻቸው እየጎሸሙ አስነሥተዋቸዋል። ጋሽ ደርበውን አንድ አክባሪ ነኝ ባይ ከፊት ጠረጴዛ አስቀምጧቸው ነበር። ሰው ቆሞ በሞላው አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጧል።

አባባ ታምራት ፊታቸው ደርሰው ቆሙ። ጠበቁ። ጋሽ ደርበው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ሰበሩ።

"ይኑሩ፣ አባቴ።"

ከኋላ ልጆቹ ሳቁ። ብርሃኑ አጠገቤ ነበር፤ ጆሮው ድረስ ሲቀላ አየሁት። "እግራቸውን አሟቸው ነው" ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ደርበው ዓይናቸውን ወረወሩብኝ። መሐላዬ ትዝ አለኝ። አባባ ታምራት አለፉ፤ ሠርጉ ግን ከዚያ በኋላ ሠርግ አልሆነም። ሰዉ ጥብሱን እየበላ የሚያኝከው ሌላ ነገር ነበር።

በሳምንቱ ሽምግልና ተባለ። ብርሃኑ ታራዴል ሰፈር አዲስ በገዛው፣ ገና ሣር ባልወጣለት ቤት ውስጥ። ጋሽ ደርበውን እኔ በአሮጌ መኪናዬ አደረስኳቸው፤ እንዳልሄድም ሻይ ቅጂ ተባልኩና ቀረሁ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንድ ፓስተር፣ አባባ ታምራት፣ ብርሃኑ። እውነቱን ለመናገር አባባ ታምራት አልከፉባቸውም፤ "እኔ ቂም የለኝም፣ ልጆቹ ናቸው የከነከናቸው" አሉ። ነገሩ ቀላል ነበር። ፓስተሩ በለሰለሰ ድምፅ ጨረሱት።

"ጋሽ ደርበው፣ ተነሥተው የአባባን ጉልበት ይሳሙ፤ እሳቸውም ቀና ያድርጉዎት፤ በዚሁ ይብቃ። ጸልየን እራት እንበላለን።"

የጋሽ ደርበው መዳፍ ጉልበታቸው ላይ ነው። የአማርኛችንን ነገር አያችሁ፤ መታጠፊያውም ጉልበት፣ አቅሙም ጉልበት፤ እሳቸው ሁለቱም አልነበራቸውም። ተነሥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ መልሰው ቀና ማለት አይችሉም። ቢሞክሩ ምንጣፉ ላይ ይዘረጋሉ። ሕመሜ ነው ቢሉ ይቅርታው በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ ሊድ ሀንዱ ግን ፊት ለፊታቸው ሻይ እየጠጣ ነው። የየሺ ወረቀት ገና አላለቀም።

"እኛ ጉልበት አንስምም" አሉ።

አንደኛው ሽማግሌ፣ "እናንተ እነማን ናችሁ?" አላቸው። ጋሽ ደርበውም ስለ ላስታ፣ ስለ ዋግሹሙ፣ ስለ ብር ወንበሩ ተናገሩ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሌሎቹ ቁጣ መሰላቸው።

"ከሞተ ሰባት መቶ ዓመት የሆነው መንግሥት ይዘው ነው የሚኮሩብን?" አለ ሽማግሌው። "ካልጋሪ ውስጥ ዙፋን የለም፣ ጋሽ ደርበው።"

"መቼ አጣሁት፤ ለዚያ አይደል ክሬት ላይ የምቀመጠው።"

ምነው ይቺን ባልተናገሩ። ብርሃኑ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ክሬቷን እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ዕቃ ነበር የሚያያት።

መኪና ውስጥ እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው ግን ሳቁ። "አየሽ፣ ጠብ በሠርግ መጣ፤ ሰውየው በሽምግልና ሄደ።" ተመልሰን እንግባና እውነቱን እንንገራቸው፣ ብርሃኑ ክፉ ልጅ አይደለም ብዬ ለመንኳቸው። መስኮቱን እያዩ፣ "ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል" አሉኝ። "ተይው።"

ሰኞ ጠዋት ክሬቷ የለችም። ጋሽ ደርበው ጨርቃቸውን ይዘው ባዶውን ቦታ አዩ። ብርሃኑ በእንግሊዝኛ "ፖሊሲ ነው፣ ኖ ሲቲንግ" አላቸው፤ አማርኛ ያልቻለ ይመስል። ጨርቁን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ቆሙ።

ጠረጴዛውን በአንድ እጃቸው ተደግፈው፣ በሌላው ፎጣ እያጠፉ ስንት ቀን እንደሠሩ እኔ ነኝ የማውቀው። ብሬክ ላይ ዛጉዌ ቀረ። ሾርባቸውን ትተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ የአንሶላውን ጋሪ ሲጎትቱ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ በጀርባቸው ጋሪው ውስጥ፣ ቆሻሻው አንሶላ ላይ ወደቁ። እግራቸው ወደ ላይ ነው። ሰዉ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው፤ "ጋሽ ደርበው አልጋቸው ላይ ወጡ" ያለም ነበር። መነሳት ሲያቅታቸው ነው ሳቁ የቆመው።

ከዚያ አምቡላንስ፣ ከዚያ የሌይኦፍ ደብዳቤ፣ ከዚያ ዌልፌር። የስፖንሰሩ ጉዳይ ቆመ። የሺ ዕድሜዋ አለፈ። አክስቷ ቤት ቁጭ ብላ አትጠብቅምና ደላላ አገኘች፤ ቤይሩት ገብታ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነች። ጋሽ ደርበው ይሄንን የሰሙ ዕለት እኔ ነበርኩ አጠገባቸው። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ምንም ቃል አልወጣም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሆስፒታል ያገኘኋት አንዲት ሶሻል ወርከር ነገሩን ስነግራት ጭንቅላቷን ይዛ ሰማችኝ። ከሐኪም አንዲት ወረቀት ይዘው ቢመጡ ኖሮ ካምፓኒው ቀለል ያለ ሥራ፣ መቀመጫም ጭምር ሊፈልግላቸው ይገባው ነበር አለችኝ። በሕግ። ጉልበቱም ቶሎ ቢታይ ኖሮ በኦፕሬሽን ይድን ነበር። እኛ ግን ሕመሙን የተናገረ የሚባረርበትን ዓለም በሻንጣችን ይዘን ነው የመጣነው። ማንም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅንም። ሰውየው ወንበር በሕግ የሚሰጥበት አገር ውስጥ ለወንበር ሲሉ የሞተ መንግሥት ተበደሩ።

ኦፕሬሽኑ ዘግይቶ ተደረገ፤ አልያዘም። ዊልቼር ላይ ቀሩ። ያን ጊዜ ደግሞ ሰዉ ምን ያህል ደግ እንደሆነ ብታዩ። ሽማግሌዎቹ ሆስፒታል መጥተው አልጋቸውን ከበው ቆሙ። "ተቀመጡ እንዳልላችሁ ወንበር የለም" አሏቸው ጋሽ ደርበው። አንዱም አልገባውም፤ "ግድ የለም ጋሼ፣ ቆመን ይሻለናል" አሉ። በኋላ ቸርች ሲመጡ ዊልቼሩን የሚገፋው ብርሃኑ ሆነ። ሲገቡ ሰዉ ሁሉ ብድግ ብሎ "ኖር" ይላል። እሳቸውም፣ "በእግዜር፤ ቁጭ በሉ፣ እኔም ተቀምጫለሁ" ይላሉ። ብርሃኑን አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩትም። እኔ ነኝ ያልማርኩት።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ይሄን ሁሉ ሳስብ ቆይቼ ቤይሩት ደወልኩ። እዚያ መሽቶ ይሆናል። አንዲት ሴት በዓረብኛ አነሳች፤ "የሺ፣ የሺ" አልኳት። ጥቂት ቆይታ የሺ መጣች፤ እያለከለከች።

"እትዬ ሰብለ፣ ደህና ናችሁ? አባቴ ደህና ነው?"

በአንዴ አልወጣልኝም። የባጥ የቆጡን ቀባጠርኩ። አባትሽ ስለ ላስታ ሲያጫውቱኝ ኖረው፣ የንጉሥ ዘር ነን ሲሉኝ፣ ምናምን አልኳት።

"እሱ?" ብላ ሳቀች። "እሱ እኮ የመንዝ ሰው ነው። የላስታዋ እናቴ ናት። አስተማሪ ሆኖ እዚያ ተመድቦ ነው ያገባት። በሠርጋቸው ቀን አያቴ፣ ከእንግዲህ የእኛ ነህ፣ በንጉሥ ፊትም ቁጭ በል ብለውታል ይባላል። እሱ ግን መቼ ቁጭ ይላል? ለጎረቤት ሕፃን ሳይቀር ብድግ ይል ነበር። አያቴ እኮ ይቆጡት ነበር።"

በሠርግ የመጣ። ሲሉኝ የነበረው የንጉሡን ብቻ ሳይሆን የራሳቸውንም ነበር። የዘሩ ባለቤት፣ የወንበሩም ባለመብት፣ በዚያች ሰዓት ስልኩን የያዘችው ልጅ ናት።

"እትዬ፣ ዛሬ ለምን ስለ እሱ ብቻ ነው የምታወሪኝ?" አለች። ሳቋ ጠፍቷል።

"የሺዬ፣ እስኪ መጀመሪያ ቁጭ በይ።"

"ምን ሆነ?"

"ግድ የለሽም፣ ቁጭ በይና እነግርሻለሁ።"

"እዚህ ቤት እኔ አልቀመጥም" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ማዳም እያየችኝ ነው። ቆሜ እሰማለሁ፣ ንገሪኝ።"

ነገርኳት። አልጮኸችም። ከኋላዋ ሴትዮዋ አንድ ነገር ተናገረች፤ የሺ በዓረብኛ መለሰችላትና ለእኔ፣ "እትዬ፣ ሳህን እያጠብኩ ነበር" ብላ ዘጋችው።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። ብርሃኑ ወንበሮቹን አሳምሮ ደርድሯቸዋል። እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜ ሲያየኝ አንዱን አንስቶ አመጣልኝ።

"ቁጭ በይ እንጂ ሰብለ። ለቅሶ ቆሞ አይደረስም።"

"ልጃቸው ስትቀመጥ እቀመጣለሁ" አልኩት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። ወንበሩን ይዞ ወደ ሌላ ሰው ሄደ።